አንድ ቁጥር ብቻ ጽፌ ሌላውን ባዶ ተውኩት፤ ድምፄ የት ገባ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ነው። ዜግነት ካገኘሁ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጥኩት በሜይ 2025ቱ የፌዴራል ምርጫ ነው። አረንጓዴው ወረቀት ላይ ለምፈልገው ሰው 1 ጻፍኩ፤ ድምፄ ለማልፈልጋቸው እንዳይሄድ ብዬ ሌሎቹን ሳጥኖች ባዶ ተውኳቸው። አሁን አንድ ጓደኛዬ ‹ድምፅህ አልተቆጠረም› ይለኛል። ሌላው ደግሞ ‹ሞላህም አልሞላህም ፓርቲው ለፈለገው ያስተላልፈዋል› ይላል። ሲድኒ ያለው የእህቴ ባል ሁልጊዜ 1 ብቻ ጽፎ እንደሚቆጠርለት ነግሮኛል። ማንን ልመን? በኖቬምበር 2026 ለሚደረገው የቪክቶሪያ ምርጫስ እንዴት ልሙላ? በዚያ ላይ እናቴ አዲስ አበባ ሳለች ‹አልመረጥሽም› የሚል ደብዳቤ መጥቶላታል። 20 ዶላሩን እንክፈል?»

ምላሽ፦

የመጀመሪያው ጓደኛዎ ልክ ነው፤ ድምፅዎ አልተቆጠረም። የእህትዎ ባልም አልዋሸም፤ የሚያወራው ግን ስለ ኒው ሳውዝ ዌልስ ስቴት ምርጫ ነው፤ ያንኑ ልማድ ወደ ፌዴራል ምርጫ ይዞ ከሄደ የእሱም ወረቀት ከእርስዎ ጋር ወድቋል። «ፓርቲው ያስተላልፈዋል» ያለው ሰው ስለ ፌዴራል ምርጫ ተሳስቷል። ስለ ቪክቶሪያ የላይኛው ምክር ቤት ከሆነ ግን የተናገረው እውነት ነው፤ ለ2026 ከሁሉም በላይ ሊጠነቀቁበት የሚገባውም እሱ ነው። የእናትዎን 20 ዶላር አይክፈሉ፤ ደብዳቤውን ግን ዝም አይበሉት።

ከአረንጓዴው ወረቀት እንጀምር። ይህ 150 አባላት ላሉት ለፌዴራሉ የተወካዮች ምክር ቤት የሚሰጥ ድምፅ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ሁሉንም ሳጥኖች ከ1 ጀምሮ ሳይዘሉና ሳይደግሙ መሙላትን ነው። ስምንት ዕጩ ካለ ከ1 እስከ 8። አንድ ሳጥን ብቻ ባዶ ቢቀር ይታለፋል፤ ባዶ የቀረው ሰው የመጨረሻ ተራ እንደተሰጠው ይቆጠራል። ሁለትና ከዚያ በላይ ባዶ ከቀረ ግን ወረቀቱ «ኢንፎርማል» ይባልና ከቆጠራ ውጭ ይሆናል። 1 ተጽፎበት ሌላው ባዶ የሆነ ወረቀት በየምርጫው ከሚጣሉት ወረቀቶች ዋና ዋና ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ስለዚህ በስህተቱ ብቻዎን አይደሉም። በ2022 በመላ አገሪቱ ዋጋ ያጣው ወረቀት ከመቶ 5 ገደማ ነበር። በሲድኒ ምዕራብ፣ ከእንግሊዝኛ ውጭ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ቤተሰብ በሚበዛባቸው በፋውለርና በብላክስላንድ የምርጫ ክልሎች ግን ከመቶ 10 አልፏል። በዚያ አካባቢ ከየአሥሩ መራጭ አንዱ ተሰልፎ፣ ስሙን አስመዝግቦ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኮሮጆ ውስጥ ከትቶ፣ ሳይቆጠርለት ወደ ቤቱ ሄዷል ማለት ነው።

ይህ ስህተት ከአገር ቤት የመጣ ሰው ላይ የሚበረታበት ምክንያት ግልጽ ነው። በኢትዮጵያ ምርጫ ከአንዱ ስምና ምልክት ጎን የ«X» ምልክት ወይም የጣት አሻራ ይደረግና ያበቃል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ ከግማሽ በታች ቢሆንም ይወስዳል። ያን እጅ ይዞ አረንጓዴውን ወረቀት የሚሞላ ሰው አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ሐቀኝነት ይመስለዋል። እዚህ ግን ወረቀቱ የሚጠይቅዎ ሌላ ጥያቄ ነው፦ «የሚፈልጉት ሰው ካልቻለ ቀጥሎ ማን? እሱም ካልቻለስ?» አውስትራሊያ ይህን አሠራር ለፌዴራል ምርጫ ያወጣችው በ1918 ነው። በዚያው ዓመት በምዕራብ አውስትራሊያ በስዋን በተደረገ የማሟያ ምርጫ የወግ አጥባቂው ወገን ድምፅ ለሁለት ተከፍሎ ሌበር ፓርቲ በመሐል አሸንፎ ስለነበር፣ በጊዜው የነበረው መንግሥት ሕጉን ለመለወጥ ብዙም አልዘገየም።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ በ1,000 ወረቀት እንየው። አራት ዕጩዎች አሉ እንበል። ሀ 400፣ ለ 330፣ ሐ 180፣ መ 90 የመጀመሪያ ድምፅ አገኙ። ለማሸነፍ 501 ስለሚያስፈልግ ማንም አላሸነፈም። ዝቅተኛው መ ይወጣል፤ የእሱ 90 ወረቀቶች ክምር ይበተንና በእያንዳንዱ ላይ «2» የት እንዳለ ይታያል። 50ው ሐ ላይ፣ 30ው ለ ላይ፣ 10ሩ ሀ ላይ ጽፈዋል። አሁን ሀ 410፣ ለ 360፣ ሐ 230 ናቸው። ቀጥሎ ሐ ይወጣል፤ ከ230ው 170 ወደ ለ፣ 60 ወደ ሀ ይሄዳል። መጨረሻው ለ 530፣ ሀ 470። ለ ያሸንፋል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይያዙ። የሀና የለ መራጮች «2» ብለው የጻፉትን ማንም አላየውም፤ የመረጡት ሰው እስከ መጨረሻው ስለቆየ ወረቀታቸው ከክምሩ አልተነሳም። ስለዚህ «2 ብጽፍ የ1ን ዕድል ይቀንሳል» የሚባለው ስጋት መሠረት የለውም፤ ሁለተኛው ቁጥር የሚነበበው የመጀመሪያው ሰው ከውድድር ከወጣ በኋላ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የመጨረሻውን ቁጥር የሰጡት ሰው ድምፅዎን በምንም መንገድ አያገኝም። ቆጠራው ሁለት ሰው ሲቀር ያበቃል፤ ከሁለቱ አንዱ ያ የመጨረሻው ሰው ቢሆን እንኳ ወረቀትዎ ያለው ከእሱ በፊት ያስቀመጡት ሰው ክምር ላይ ነው። አንድን ዕጩ ፈጽሞ የማይፈልጉ ከሆነ መሣሪያዎ የመጨረሻው ቁጥር ነው። ባዶ መተው ከማይፈልጉት ሰው አያድንዎም፤ እሱን ሊጥል ይችል የነበረውን ድምፅ ያጠፋል እንጂ።

በተጨባጭ ይህ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከእናንተ ሰፈር ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በሜይ 3 ቀን 2025 በሜልበርን የምርጫ ክልል የግሪንስ ፓርቲ መሪ የነበሩት አዳም ባንት ከመቶ 39 ገደማ የመጀመሪያ ድምፅ ይዘው ቀደሙ፤ የሌበሯ ሳራ ዊቲ 31 ገደማ ነበራቸው። በአገር ቤት ደንብ ባንት አሸናፊ ናቸው። ነገር ግን የሊበራል ዕጩ ሲወጡ የእሳቸው መራጮች አብዛኞቹ ሌበርን ከግሪንስ አስቀድመው ቁጥር ጽፈው ስለነበር፣ ዊቲ ከመቶ 53 ያህል ይዘው መቀመጫውን ወሰዱ። ባንት ከ2010 ጀምሮ የያዙትን ወንበር ያሳጧቸው ሦስተኛ የወጣው ወገን መራጮች ናቸው። እነዚያ መራጮች 1 ብቻ ጽፈው ቢሆን ኖሮ ወረቀታቸው ከመጀመሪያውም አይቆጠርም ነበር።

እዚህ ላይ «ታዲያ የሊበራል ፓርቲ ነው ድምፁን ለሌበር የሰጠው» የሚል ይኖራል። አይደለም። ከምርጫ ጣቢያው በር ላይ በጎ ፈቃደኞች የሚያድሉት፣ «እንዲህ ምረጡ» የሚል ቁጥር የታተመበት ወረቀት ምክር ብቻ ነው። ፓርቲዎች «ፕሪፈረንስ ተስማማን» ሲሉ የተስማሙት በዚያ ወረቀት ላይ ማንን ስንተኛ አድርገው እንደሚያትሙ ነው። በፌዴራል ምርጫ በእርስዎ ወረቀት ላይ ቁጥር የሚጽፍ ከእርስዎ እጅ ሌላ የለም፤ ካልጻፉም ማንም አይጽፍልዎም። የታተመውን ወረቀት ወደ ውስጥ ይዘው ገብተው እያዩ መገልበጥ ይችላሉ፤ ነውር የለውም። ወደ ጎን ጥለው የራስዎን መጻፍም ይችላሉ። አዳዮቹ ከመግቢያው 6 ሜትር መራቅ ስላለባቸው፣ በሩ ጋ ተጠግቶ የሚጎተጉትዎ ካለ ለጣቢያው ኃላፊ ይንገሩ።

አሠራሩ ጉድለት የለበትም አልልም። ሁለት የሚጠሉት ወገን መጨረሻ ላይ ቢቀር፣ ከሁለቱ አንዱን ማስቀደም ግዴታ ነው፤ «ሁለቱንም አልፈልግም» የሚል ሳጥን የለም። በ1990ዎቹ አልበርት ላንገር የሚባል የፖለቲካ ሰው «1፣ 2፣ 3፣ 3 ብላችሁ ጻፉ፤ ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ድምፃችሁን አያገኙም» እያለ ይቀሰቅስ ነበር። ወረቀቱ በጊዜው ይቆጠር ስለነበር ብልሃቱ ይሠራል፤ ቅስቀሳው ግን የተከለከለ ነበርና የፍርድ ቤት እግድ ጥሶ በ1996 ታሰረ። ቀዳዳው በ1998 ተደፈነ። ዛሬ ቁጥር የደገመ አረንጓዴ ወረቀት ይጣላል፤ ስለዚህ ይህን ዘዴ የሚመክርዎ ሰው ካለ መረጃው ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎበታል።

ነጩና ረጅሙ ወረቀት የሴኔት፣ ማለትም የፌዴራሉ የላይኛው ምክር ቤት ነው፤ ደንቡ ላላ ይላል። ከወፍራሙ መስመር በላይ የፓርቲዎች ሳጥን፣ ከመስመሩ በታች የሰዎች ስም አለ። ወይ ከላይ ቢያንስ ከ1 እስከ 6፣ ወይ ከታች ቢያንስ ከ1 እስከ 12 ይጽፋሉ። ሁለቱንም አይቀላቅሉ። እዚህ 1 ብቻ ከላይ የጻፈ ሰው ወረቀቱ አይጣልበትም፤ ሕጉ ያድነዋል። ግን ያ ፓርቲ ዕጩዎቹ ሁሉ ከወጡ ወረቀቱ ቀጣይ መንገድ ስለሌለው መሐል ላይ ይቆማል። ስለዚህ በሜይ 2025 በነጩ ወረቀት ላይም 1 ብቻ ጽፈው ከነበረ፣ ያኛው ድምፅዎ ተቆጥሯል። ግማሽ መጽናኛ ነው።

አሁን የእህትዎ ባል ጋ እንምጣ። በኒው ሳውዝ ዌልስ የታችኛው ምክር ቤት ምርጫ 1 ብቻ መጻፍ ይፈቀዳል፤ ሌላውን መሙላት በመራጩ ፈቃድ ነው። ኩዊንስላንድም ከ1992 ጀምሮ እንዲያ ነበር፤ በ2016 ግን ሁሉንም ሳጥን መሙላት ወደ ግዴታ ተመለሰ። በቪክቶሪያ የታችኛው ምክር ቤት ሁሉም ሳጥን ይሞላል። የአንድ አገር ሰዎች በሁለት ደንብ ሲመርጡ እንዲህ መምታታቱ አይገርምም፤ በሲድኒ ብዙ ወረቀት የሚጣልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው የደንብ ልዩነት ነው። ለእህትዎ ባል ይንገሩት፦ በስቴት ምርጫ እንደለመደው፣ በፌዴራል ግን ሁሉንም። ሁልጊዜ ሁሉንም ቢሞላ ደግሞ በየትኛውም ቦታ አይሳሳትም።

የቪክቶሪያ ምርጫ ኖቬምበር 28 ቀን 2026 ነው። ሁለት ወረቀት ይሰጥዎታል። ትንሹ 88 መቀመጫ ላለው የታችኛው ምክር ቤት ነው፤ እንደ ፌዴራሉ አረንጓዴ ወረቀት ሁሉንም ሳጥን ከ1 ጀምረው ይሙሉ። ትልቁ ወረቀት ለላይኛው ምክር ቤት ነው፤ ወጥመዱ ያለው እሱ ላይ ነው። ስቴቱ በ8 ቀጠናዎች ተከፍሏል፤ ከየቀጠናው 5 ሰው፣ በድምሩ 40 ይመረጣል። ከመስመሩ በላይ በአንድ ሳጥን 1 ብቻ ይጻፋል። ያን ካደረጉ ቀጣዩን ሁሉ የሚወስነው ፓርቲው ነው፤ ከምርጫው በፊት ለምርጫ ኮሚሽኑ ያስገባው ረጅም የቅደም ተከተል ዝርዝር እንዳለ የእርስዎ ምርጫ ሆኖ ይቆጠራል። የሁለተኛው ጓደኛዎ አባባል እውነት የሚሆነው እዚህ ጋ ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ሁለት ምሳሌ ይበቃል። ይህ አሠራር በፌዴራል ሴኔትም እስከ 2016 ድረስ ነበር። በ2013 ሪኪ ሙየር የመኪና ወዳጆች ፓርቲ ዕጩ ሆነው በቪክቶሪያ ከመቶ 0.51 የመጀመሪያ ድምፅ ይዘው ሴናተር ሆኑ፤ ለአንድ መቀመጫ የሚያስፈልገው ከመቶ 14.3 ነበር። ልዩነቱን የሞሉት ትናንሽ ፓርቲዎች እርስ በርስ ዝርዝራቸውን ስላቆላለፉ ነው። በ2021 በምዕራብ አውስትራሊያ ደግሞ «ዴይላይት ሴቪንግ ፓርቲ» የሚባል፣ በበጋ ሰዓት ይቀየር ብሎ የተነሳ ፓርቲ በአንድ ቀጠና 98 የመጀመሪያ ድምፅ አግኝቶ ወንበር ያዘ። ዘጠና ስምንት ሰው! አንድ ሠርግ ላይ ከዚህ የበለጠ ሰው ይገኛል። ምዕራብ አውስትራሊያ በዚያው ዓመት አሠራሩን ሰረዘችው፤ ቪክቶሪያ የመጨረሻዋ ሆና ቀረች። ለአንዱ ፓርቲ 1 የጻፈ ሰው ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ፓርቲ አባል ወደ ምክር ቤት እንዳስገባ ሳያውቅ ይኖራል።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ በቪክቶሪያ ትልቁ ወረቀት ላይ ከመስመሩ በላይ አይጻፉ። ከመስመሩ በታች ቢያንስ ከ1 እስከ 5 ይጻፉ። ያኔ ድምፅዎ እርስዎ ከጻፉት ውጭ የትም አይሄድም። በ5 ባያቆሙ ደግሞ ይሻላል። አምስቱም ከወጡ ወረቀትዎ ይቆማልና፣ ከሚወዱት ፓርቲ በኋላ ከትልልቆቹ ፓርቲዎች መካከል ይሻላሉ የሚሏቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች ጨምረው እስከ 10 ወይም 12 ይቀጥሉ። ምክር ቤቱ ከምርጫው በፊት ሕጉን ከለወጠ ወረቀቱ አናት ላይ የተጻፈው መመሪያ ይለወጣል፤ ጓደኛ ከነገረዎት በፊት እሱን ያንብቡ። የየፓርቲው ዝርዝርም በምርጫ ጣቢያው ውስጥ ለማየት ይቀመጣል። ጠይቆ ማየት መብትዎ ነው፤ ጥቂት ገጽ ሲገልጡ ማን ከማን ጋር እንደተቆላለፈ ይገባዎታል።

እጅ ጽሑፍ ላይ አንድ ነገር። በሲድኒ ብራድፊልድ በሜይ 2025 ምርጫ በመጀመሪያው ቆጠራ የሊበራሏ ጂዜል ካፕተሪያን በ8 ድምፅ ቀድመው ነበር፤ እንደገና ሲቆጠር ግን ነጻዋ ዕጩ ኒኮሌት ቦል በ26 ድምፅ አሸነፉ። እንደገና ሲቆጠር እያንዳንዱ ወረቀት በሁለቱም ወገን ታዛቢዎች ፊት ይገለጣል፤ ክርክሩም «ይህ 1 ነው ወይስ 7? ይህ 4 ነው ወይስ 9?» የሚል ነው። ስለዚህ 1ን ያለ ቆብ ቀጥ አድርገው ይጻፉ፤ 7 ላይ መሐሉን መስመር ቢያደርጉበት ይለያል። የ«ራይት» ምልክት ወይም «X» አያድርጉ። ስምዎን ወይም ፊርማዎን አይጻፉ፤ መራጩን የሚያሳውቅ ወረቀት ይጣላል። ፩፣ ፪፣ ፫ ውብ ናቸው፤ ግን ለቆጣሪው እንቆቅልሽ አይተዉለት። ቁጥር ከተሳሳቱ አይደልዙ፤ ወረቀቱን ለሠራተኛው መልሰው አዲስ ይጠይቁ። ኮሮጆ ውስጥ እስካልገባ ድረስ ይቀይሩልዎታል፤ ማንም አይቆጣዎትም። ከመግባትዎ በፊት ስምዎን፣ አድራሻዎንና በዚህ ምርጫ መርጠው እንደሆነ ብቻ ይጠይቁዎታል፤ በፌዴራል ምርጫ መታወቂያ አይጠየቅም።

ማንበብ የሚያስቸግራቸው ሰዎች በቤትዎ ካሉ፣ የሚያግዛቸውን ሰው ራሳቸው መርጠው ይዘው መግባት ይችላሉ፤ ልጅም ጎረቤትም ይሆናል፤ ዕጩ ብቻ መሆን የለበትም። ረዳቱ የሚጽፈው የተባለውን ነው። በየቤታችን «እናቴ አታውቅም፣ እኔ እሞላላታለሁ» የሚባለው ነገር እገዛ አይደለም፤ የሰው ድምፅ መውሰድ ነው።

ለእርስዎ የሜይ 2025 ወረቀት ቅጣት አይመጣብዎትም። ኮሚሽኑ የሚመዘግበው ስምዎ መምጣቱን ነው፤ ወረቀቱ ላይ የጻፉት ምሥጢር ነው። የእናትዎ ጉዳይ ሌላ ነው። ድምፅ መስጠት በፌዴራል ደረጃ ከ1924 ጀምሮ ግዴታ ነው፤ ያልመረጠ ሰው መርጦ ከሆነ እንዲገልጽ፣ በቂ ምክንያት ካለው እንዲጽፍ፣ ከሌለው 20 ዶላር እንዲከፍል ደብዳቤ ይላክለታል። በምርጫው ቀን ከአውስትራሊያ ውጭ መሆን በሕጉ ራሱ የተጻፈ በቂ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቅጹ ላይ «በምርጫው ቀን ኢትዮጵያ ነበርኩ» ብለው ይጻፉላት፤ የወጣችበትንና የተመለሰችበትን ቀን ይጥቀሱ፤ የአውሮፕላን ትኬቱን ወይም የፓስፖርቱን ማኅተም ኮፒ ቢያያይዙ ጥያቄ አይኖርም። እናትዎ ፈርማ በደብዳቤው ላይ ከተጠቀሰው ቀን በፊት ይላኩ፤ የላኩትንም ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። 20 ዶላሩን «ይሂድ» ብሎ መክፈል ቀላል ይመስላል፤ ግን ጥፋት ያልሆነን ነገር ጥፋት ብሎ መቀበል ነው። ከሁሉ የከፋው ዝምታ ነው፦ መልስ ያልተሰጠበት ደብዳቤ ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ ከፍ ያለ ቅጣትና የፍርድ ቤት ወጪ ይጨመርበታል።

ብዙ ሰው ምክንያት ብሎ የሚጽፈው የማይሠራም አለ። «የሚጥመኝ ዕጩ የለም» የሚለውን የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1926 ውድቅ አድርጎታል። «ሥራ ላይ ነበርኩ» የሚለውም ደካማ ነው፤ ከምርጫው ቀን በፊት ባሉት ቀናት ቀድሞ መምረጫ ጣቢያዎች ይከፈታሉና። ሃይማኖቴ መምረጥ ይከለክለኛል የሚል ሰው ግን በሕጉ የታወቀ ምክንያት አለው። በስቴት ምርጫ ቅጣቱ ከፌዴራሉ ሊበልጥ ይችላል፤ ኒው ሳውዝ ዌልስ 55 ዶላር ነው፣ ቪክቶሪያ ከዚያም ይበልጣል።

እናትዎ በኖቬምበር 2026 ዳግም አዲስ አበባ ልትሆን የምትችል ከሆነ፣ ቀኑ ከደረሰ በኋላ ከማስረዳት አስቀድሞ በፖስታ ለመምረጥ ማመልከት ይሻላል፤ ፖስታው አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ የሚወስደውን ጊዜ ግን አይርሱ። ከመጓዟ በፊት ቀድሞ መምረጫው ተከፍቶ ከሆነ እዚያው መርጣ መሄድ ከሁሉ ቀላሉ ነው። እርስዎም ቤት ከቀየሩ አንድ ወር ከኖሩበት በኋላ ባሉት 21 ቀናት ውስጥ አድራሻዎን ያስተካክሉ። የቆየ አድራሻ ካለ የምርጫ ክልልዎም የተሳሳተ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው የቅጣት ደብዳቤም የድሮው ቤት የፖስታ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይቀራል።